ስማችሁ ያለበት ወረቀት፦ አሜሪካ ሆኖ የአገር ቤት ሂሳብ፣ ቤትና ውክልና

ጤና ይስጥልን። የዛሬው ንግግር አሜሪካ እየኖርን አገር ቤት የባንክ ሂሳብ፣ ቤት ወይም ውክልና ላለን ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሁሉንም የሚያያይዘውን ነገር ከወዲሁ ልበለው። በአሜሪካም ሆነ በኢትዮጵያ ሕግ መጀመሪያ የሚታየው በወረቀቱ ላይ የማን ስም እንዳለና ያ ስም ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። የእኛ ልማድ ደግሞ ሌላ ነው። «ገንዘቡ የእናቴ ነው፣ ስሜ እንዲያው ነው የገባው»፤ «ቤቱ የወንድሜ ነው፣ በእኔ ስም የተገዛው ለምክንያት ነው» እንላለን። ዘመድ አዝማድ ይህን ይረዳል። አይአርኤስና ውልና ማስረጃ ግን የሚያነቡት ወረቀቱን ነው።

ከባንክ ሂሳብ እንጀምር፣ ጥያቄም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

ኤፍባር የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለን የባንክ ሂሳብ ለመንግሥት ማሳወቂያ ነው፣ ፊንሰን ለሚባለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ክፍል የሚቀርብ፤ በመዝገብ ስሙ ፊንሰን ፎርም 114 ነው። የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም አሜሪካ በቆየባቸው ቀናት ብዛት ለታክስ እንደ ነዋሪ የሚቆጠር ሰው፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ይህን ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ማሳወቂያ ብቻ ነው፣ በእሱ ላይ የሚከፈል ታክስ የለም። ከታክስ ፎርማችሁ ጋርም አይላክም፤ በፊንሰን ድረ ገጽ ላይ ለብቻው ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፤ ቀኑ ያለፈው ሰው ምንም ማመልከቻ ሳያስገባ እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ ይራዘምለታል።

ስህተቱ የሚበዛው «10,000» የሚለው ቁጥር ላይ ነው። ብዙ ሰው ለእያንዳንዱ ሂሳብ ይመስለዋል። ለድምሩ ነው። በአንድ ባንክ 6,000፣ በሌላው 4,500 ዶላር የሚያወጣ ብር ካላችሁ አልፋችኋል። ካለፋችሁ ደግሞ ሁሉንም ሂሳብ ትዘረዝራላችሁ፤ ከዓመታት በፊት ተከፍቶ 200 ብር ብቻ የቀረበት ደብተር ሳይቀር። ለ40/60 ቤት በንግድ ባንክ የሚቆጠበውም ገንዘብ የባንክ ሂሳብ ነው፤ «የቤት ቁጠባ ነው፣ ማውጣት አልችልም» ማለት ከሪፖርቱ አያስወጣውም።

አሁን የእናትን ሂሳብ እንመልከት። እናታችሁ አዲስ አበባ ናቸው እንበል። ባንክ መመላለስ ስለከበዳቸው የእናንተ ስም በጋራ ገባ። በሂሳቡ 1,500,000 ብር አለ። ምንዛሪውን 125 ብር ብንወስደው 12,000 ዶላር ይሆናል። አሜሪካ ያለው ልጅ ሪፖርት የሚያደርገው ግማሹን 6,000 አይደለም፤ ሙሉውን 12,000 ነው። እናትየው የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ስላልሆኑ ምንም አይጠበቅባቸውም። ገንዘቡ ከልጁ ኪስ አንድ ሳንቲም ባይገባበትም መልሱ ያው ነው።

ስማችሁ በሂሳቡ ባለቤትነት ሳይገባ በውክልና ብቻ ባንኩን «ይህን ያህል አውጣ፣ ወደዚያ አስተላልፍ» ማለት የምትችሉም ከሆነ ሂሳቡ ሪፖርት ይደረጋል። ፎርሙ ለዚህ የራሱ ክፍል አለው፤ የገንዘብ ጥቅም ሳይኖራችሁ የመፈረም ሥልጣን ብቻ ያላችሁ ሰዎች የምትሞሉት ነው። ስለዚህ ለዕድር፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ማሠሪያ በተከፈተ የአገር ቤት ሂሳብ ላይ ፈራሚ ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ እዚህ ትገባላችሁ። በበጎ ፈቃድ መፈረም ነፃ አያወጣም።

ብሩን ወደ ዶላር የምንቀይረው እንዴት ነው? በዓመቱ ውስጥ ሂሳቡ የደረሰበትን ከፍተኛ መጠን በብር ትወስዳላችሁ፤ ከዚያ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዲሴምበር 31 ባወጣው ምንዛሪ ትቀይራላችሁ። የዕለቱ የባንክ ዋጋ አይደለም፤ የጥቁር ገበያውማ ጨርሶ አይነሳ። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2024 ትልቅ ልዩነት አምጥቷል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29፣ 2024) ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 700,000 ብር የነበረው ሰው በ57 ሲሰላ ከ12,000 ዶላር በላይ ነበረው፤ በ125 ሲሰላ 5,600 ነው። በዓመቱ አጋማሽ ብሩ የበለጠ ዋጋ ቢኖረውም ስሌቱ የሚሠራው በዓመቱ መጨረሻ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ለእ.ኤ.አ. 2023 ግዴታ የነበረበት ሰው ለ2024 ላይኖርበት ይችላል። በዶላር የተቀመጠ የዳያስፖራ ሂሳብ ግን መቀየር የለበትም፤ ቁጥሩ እንዳለ ይደመራል። የባንክ መግለጫችሁን ለአምስት ዓመት አስቀምጡ።

ኤፍባርን ሞላሁ ብሎ የሚያርፍ ሰው ሌላ ነገር ይረሳል፤ ወለዱን። ለምሳሌ 7 በመቶ በሚከፍል ሂሳብ ላይ 1,000,000 ብር ያለው ሰው በዓመት 70,000 ብር ወለድ ያገኛል። ይህ ገቢ ነው፤ ፎርም 1040 ላይ ይገባል፣ ኢትዮጵያ ቢቆይም ባይወጣም። ድምሩ 10,000 ዶላር ባይደርስም ያው ነው። ከ1040 ጋር የሚያያዘው የወለድ ቅጽ፣ ስኬጁል ቢ፣ መጨረሻ ላይ «ከአገር ውጭ ሂሳብ አለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ታክስ የሚሞላላችሁ ሰው ሳይጠይቃችሁ «የለም» ላይ ምልክት እንዳያደርግ ከመፈረማችሁ በፊት ገጹን ገልጣችሁ እዩት። የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። አገር ቤት ባንኩ ከወለዱ ቆርጦ ያስቀረው ግብር ካለ በፎርም 1116 ከአሜሪካው ታክስ ላይ ይታሰብላችኋል።

ከፍ ያለ ሀብት ላላቸው ሌላ ፎርም አለ፤ 8938። አሜሪካ የሚኖር ያላገባ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ቀን ከ50,000 ወይም በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ከ75,000 ዶላር በላይ ካለው፣ አንድ ላይ የሚሞሉ ባልና ሚስት ደግሞ ከ100,000 ወይም ከ150,000 በላይ ካላቸው ከ1040 ጋር ያያይዙታል። የባንክ ወይም የሌላ ኩባንያ አክሲዮን በወረቀት በእጃችሁ ካለ ኤፍባር ላይ አይገባም፣ እዚህ ግን ይቆጠራል። በስማችሁ በቀጥታ የተመዘገበ ቤት በሁለቱም ላይ አይገባም።

«አገር ቤት ያለው ባንክ ለአሜሪካ አይናገርም፣ ታዲያ ማን ያውቃል?» የሚል ሁልጊዜ አለ። ግዴታው የእናንተ እንጂ የባንኩ አይደለም። ባለማወቅ ሳይሞላ ለቀረ ሰው በሕጉ የተቀመጠው ቅጣት እስከ 10,000 ዶላር ነው፤ ይህም በየዓመቱ ለዋጋ ንረት ይስተካከላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ቢትነር በተባለው ጉዳይ ቅጣቱ በሂሳብ ብዛት ሳይሆን በሪፖርት፣ ማለትም በዓመት፣ እንደሚቆጠር ወስኗል። እያወቀ ለደበቀ ሰው ግን 100,000 ዶላር ወይም የሂሳቡ ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው፤ 100,000 የሚለውም እንዲሁ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላል።

ያለፉ ዓመታት የቀሩባችሁ መንገዱ ሁለት ነው። ወለዱን በየዓመቱ አስገብታችሁ ታክሱን ከፍላችሁ ኤፍባሩን ብቻ ረስታችሁ ከሆነ፣ አይአርኤስም ስለዚሁ ገና ካልጻፈላችሁ፣ የቀሩትን ሪፖርቶች የዘገዩበትን ምክንያት ጽፋችሁ ታስገባላችሁ፤ በዚህ መንገድ ቅጣት አይጣልም። ገቢውም ከቀረ ግን ስትሪምላይንድ የሚባለው አለ፤ የሦስት ዓመት ታክስ ይታረማል፣ የስድስት ዓመት ኤፍባር ይገባል፣ ሆን ብላችሁ እንዳላደረጋችሁት በፎርም 14654 ላይ ታረጋግጣላችሁ፣ በእነዚያ ዓመታት መጨረሻ ላይ ከተመዘገበው ከፍተኛ ድምር 5 በመቶ ትከፍላላችሁ። ምክንያቱን ስትጽፉ በእውነት የሆነውን ጻፉ። ከጓደኛ የተቀዳ ምክንያት የራሳችሁን ጉዳይ አይመስልም፣ የሚያነቡትም ያውቁታል።

ቤተሰብን የሚመለከቱ ሁለት ሦስት ነገሮችን በአጭሩ ልለፍ። ጎንደር ወይም ደሴ ያሉ ወላጆቻችሁን ሙሉ በሙሉ እናንተ ብትጦሯቸውም ታክስ ላይ ጥገኛ ብላችሁ ማስገባት አትችሉም፤ ጥገኛ የሚባለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አልያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። የላካችሁት ገንዘብም አይቀነስም። አገር ቤት ያገባ ሰው ባለቤቱ እስክትመጣ «ሲንግል» ብሎ መሙላቱ ስህተት ነው፤ ያገባ ነው፣ ለብቻው የሚሞላ ነው። የባለቤቱን የግሪን ካርድ ጉዳይ ሲከፍት የሚያቀርበው የታክስ ወረቀት «አላገባሁም» እያለ የጋብቻ ማስረጃው «አግብቷል» ሲል ምን እንደሚመስል አስቡት። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሽየርስ ቼክ ወደ ውጭ የሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ይጨመራል። ከአሜሪካ ባንክ ሂሳብ ወይም በአሜሪካ ካርድ ከላካችሁ የለም። በየወሩ 500 ዶላር በጥሬው የሚልክ ሰው በዓመት 60 ዶላር በነፃ ይሰጣል ማለት ነው።

ወደ ቤት እንምጣ። በስማችሁ ያለ ቤት ከተከራየ፣ ኪራዩን እዚያ ያለችው እህታችሁ ተቀብላ ለእናት ቀለብ ብታውለውም፣ ገቢው የባለ ካርታው ነው። ስኬጁል ኢ በሚባለው የኪራይ ገቢ ቅጽ ላይ ይገባል። ከኪራዩ ላይ ጥገና፣ የጥበቃ ደመወዝና የመሳሰለው ወጪ ይቀነሳል፣ አገር ቤት የተከፈለው የኪራይ ግብር በፎርም 1116 ይታሰባል። የቤቱ የእርጅና ተቀናሽ ደግሞ አለ፣ ቤቱ ያረጃል ተብሎ ከዋጋው በየዓመቱ ከኪራዩ ላይ የሚቀነስ ድርሻ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ መከራየት ለጀመረ ከአሜሪካ ውጭ ላለ መኖሪያ ቤት በ30 ዓመት፣ ከዚያ በፊት ለጀመረው በ40 ዓመት ይከፋፈላል። ታክስ ሠሪዎች በልማድ የሚያስገቡት 27 ዓመት ተኩል አሜሪካ ውስጥ ላለ ቤት ነው፤ ይህን ተመልከቱ።

ቤቱ ሲሸጥ ትርፉ የሚሰላው በዶላር ነው፤ የተገዛበት ዋጋ በተገዛበት ቀን ምንዛሪ፣ የተሸጠበት በተሸጠበት ቀን። ዶላሩ 30 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ በ3,000,000 ብር የተገዛ ቤት 100,000 ዶላር ወጥቶበታል። ዶላሩ 130 ብር በሆነበት ቀን 12,000,000 ብር ቢሸጥ 92,300 ዶላር ገደማ ነው። በብር አራት እጥፍ፣ በዶላር ኪሳራ። ያው ቤት ለስድስት ዓመት ተከራይቶ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ለቀላልነት መሬቱን ትተን ብናሰላ በየዓመቱ 3,333 ዶላር እርጅና ተቀንሶ ትርፉ የሚቆጠርበት መነሻ ዋጋ ወደ 80,000 ይወርዳል፣ ስለዚህ 12,300 ዶላር ትርፍ ይታያል። እርጅናውን በየዓመቱ ባትቀንሱትም እንደቀነሳችሁት ነው የሚቆጠረው፤ ጥቅሙን ሳታገኙ ዕዳው ይመጣል። በሐዋላ እየላካችሁ ያሠራችሁት ቤት ከሆነ የእያንዳንዱን ደረሰኝ፣ የሲሚንቶውንም የብረቱንም የኮንትራክተሩንም፣ ከቀኑ ጋር አስቀምጡ። ያለ ቀን የተጻፈ ደረሰኝ በየትኛው ምንዛሪ እንደሚሰላ አይታወቅም። በውርስ ያገኛችሁት ቤት ደግሞ መነሻው ሟች ያረፉበት ቀን ዋጋ ነው፤ ያን ጊዜ የግምት ወረቀት ማሠራት ከዓመታት በኋላ ከመፈለግ ይቀላል። ከውጭ ሰው ያገኛችሁት ስጦታ ወይም ውርስ በዓመት ከ100,000 ዶላር ካለፈ ታክስ ባይኖረውም ፎርም 3520 ይሞላል። መቅረቱ በወር 5 በመቶ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል።

አሁን ውክልና። እዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ከታክሱ አያንስም።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረትን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል። «በማናቸውም ጉዳይ ሁሉ ወክዬዋለሁ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ተወካዩ በዚያ ቃል ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ መክሰስና መከሰስ አይችልም፤ ለእነዚህ የሕጉ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ሥራው በስም ተጠርቶ መጻፍ አለበት። ሰዎች የአንድ ገጽ «ጠቅላላ ውክልና» ልከው ከወራት በኋላ «መሸጥ አይልም» ተብሎ የሚመለስባቸው ለዚህ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ከወዳጅ የተቀዳ ቅጽ ላይ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ለፈለገው ሰው ውክልና እንዲሰጥ» የሚሉ ቃላት በጅምላ ይገባሉ። የምትፈልጉት ኪራይ መሰብሰብ ብቻ ከሆነ እነዚያን ሰርዟቸው። መሸጥ ከፈለጋችሁ ቤቱን ለይታችሁ ጻፉ፤ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት። ከቻላችሁ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋና ገንዘቡ የሚገባበትን የሂሳብ ቁጥር ጨምሩ፤ «ለራሱ እንዳይገዛ፣ ለሌላ ሰው ውክልና እንዳያስተላልፍ» የሚልም ይግባ። የባንክ ከሆነ መክፈት፣ ወጪ ማድረግና መዝጋት እያንዳንዳቸው ይጠሩ።

ያገባችሁ ከሆነ የአንድ ሰው ፊርማ አይበቃም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለማከራየትም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም። አሜሪካ የተፋታ ሰውም የፍቺ ውሳኔው ብቻውን አዲስ አበባ ላይ አያሠራለትም፤ የውጭ አገር ፍርድ እዚያ እንዲፈጸም በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። በዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ወይም በሎስ አንጀለስ ያለው ቆንስላ በአካል ቀርባችሁ፣ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ባለሙያው ፊት ትፈርማላችሁ። ቤት ፈርማችሁ አትሂዱ። የአሜሪካ ዜግነት የወሰዳችሁ በኢትዮጵያ ሕግ የኢትዮጵያ ዜግነታችሁ ቀርቷል፤ የአሜሪካ ፓስፖርታችሁንና ቢጫ ካርዳችሁን ታቀርባላችሁ። መሄድ የማትችሉ ኖታሪ ፊት ትፈርማላችሁ፤ ከዚያ የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ከዚያ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ ኤምባሲው ያረጋግጡታል። ቅደም ተከተሉ አይዘለልም። የሚያረጋግጠው ኖታሪው የተሾመበት ስቴት ነው፤ ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ሜሪላንድ ያስፈረማችሁትን ቨርጂኒያ አያውቀውም። ኒው ዮርክ ደግሞ ከስቴቱ በፊት የካውንቲው ጸሐፊ ማረጋገጫ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ ይገባል። ዋናው ወረቀት ነው የሚፈለገው፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አያገለግልም።

ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያስመልሰው ስም ነው። ካርታው ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ላይ ሁለቱ ብቻ። ወይም ዜግነት ሲወሰድ የባል ስም ገብቷል። ውክልናው ላይ በካርታው ላይ እንዳለው ሦስቱንም ስም ጻፉ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን «በሌላ መጠሪያ» ብላችሁ አስከትሉ፤ ስሙ በፍርድ ቤት ወይም በዜግነት ወቅት ተለውጦ ከሆነ ያን ወረቀት ከውክልናው ጋር በዚያው መንገድ አስረጋግጣችሁ ላኩ።

ውክልናን መሻር በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፣ ተወካዩ ባይስማማም። ግን «ሽሬሃለሁ» ብሎ መደወል አይበቃም። መሻሩን ሳያውቅ በቅን ልቦና ከተወካዩ ጋር የተዋዋለን ሰው ሕጉ ይጠብቀዋል። መሻሪያው እንደ ውክልናው ሁሉ በኤምባሲ፣ በውጭ ጉዳይ፣ በውልና ማስረጃ ያልፋል፤ ለባንኩም ለብቻው ይገባል፤ ዋናው የውክልና ወረቀት ከተወካዩ እጅ ይመለስ። ወካዩ ሲሞት ደግሞ ውክልናው በዚያው ቀን ያበቃል። ለሠልስትና ለአርባ ብሎ በእናት ውክልና ከሂሳባቸው ማውጣት ከሌሎች ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ያቆማል፤ መንገዱ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነው።

በጽሑፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን ልመልስ። «እናቴ እዚህ ኤስኤስአይ ይቀበላሉ፣ አዲስ አበባ በስማቸው ቤት አላቸው፣ ችግር አለው?» አለው። ኤስኤስአይ ገቢና ሀብታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ ነው። ለአንድ ሰው የሀብት ጣሪያው 2,000 ዶላር ነው፤ ነፃ የሚሆነው የሚኖሩበት ቤት ነው እንጂ አዲስ አበባ ያለውና ሊሸጡት የሚችሉት አይደለም። ቤቱን ዛሬ ለልጅ በስጦታ ማዛወርም መፍትሔ አይሆንም፤ ከዋጋ በታች የተላለፈ ንብረት እስከ 36 ወር ድረስ ክፍያውን ሊያስቆም ይችላል። ሳያስታውቁ የቆዩ ከሆነ የተከፈለው መልሶ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ከመሄዳቸው በፊት በየከተማው ያሉትን ነፃ የሕግ አገልግሎት ሰጪዎች ያማክሩ። አገር ቤት ሄደው 30 ቀን በተከታታይ ከቆዩም ክፍያው ይቆማል፤ የሚቀጥለው ተመልሰው አሜሪካ 30 ቀን በተከታታይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ቲኬት ስትቆርጡላቸው ይህን ቁጠሩ።